ሳቅ በመሳቢያ ውስጥ

እንግዲህ ወንበራችሁን ጠጋ አድርጉና ስሙኝ።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ከኤድና ሞል ጀምራችሁ ወደ ሩዋንዳ እስክትወርዱ ድረስ፣ ማኪያቶው ቀዝቅዞበት ላፕቶፕ ላይ ያጎነበሰ ወጣት የማይታይበት ቤት የለም። አንዱ የቪዛ ፎርም ይሞላል። አንዱ መኪና ያሻሽጣል። ሦስተኛው ሲትኮም፣ ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ፣ ይጽፋል። ሲትኮም ጸሐፊውን መለየት አይከብድም፤ ብቻውን የሚስቀው እሱ ነው።

ከወራት በኋላ ያንኑ ልጅ አግኝታችሁ «ያ ሥራ ከምን ደረሰ?» ብትሉት፣ «ፓይለቱን፣ የሙከራውን ክፍል፣ ቀርጸናል፤ ጣቢያው ጋ ነው» ይላችኋል። ዓመት ቆይታችሁ ብትጠይቁት ወሬ ይቀይራል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ተጽፎ፣ ተጠንቶ፣ አንዳንዴም ተቀርጾና ኤዲት ሆኖ ካለቀ በኋላ የሰው ዓይን ሳያየው የቀረ ኮሜዲ ብዙ ነው። የዛሬው ትረካዬ ስለዚያ ነው። ነገሩን ከሥሩ ለመንገር ግን ከቴሌቪዥን አልጀምርም፤ ቦሌ ገና ሜዳ ሳለች፣ ከብት ሲሰማራባት ከነበረበት ዘመን እነሣለሁ።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሚባሉ ሰው ነበሩ። ገና ልጅ ሳሉ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ዐድዋ ዘምተዋል። ከዚያ ወደ ሩሲያ ተሻግረው አደጉ፤ በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ፤ የሩሲያን ሰው ቲያትርም አዩ። አገራቸው ሲመለሱ ያገኟት አዲስ አበባ ዘመናዊ ልሁን ባይ ከተማ ናት፤ ሆቴል፣ ባንክ። አንድ ቀን ቲያትር ነው ተብለው ሄዱና ዘፈንና ጭፈራ ተመልክተው ተመለሱ። ሰውየው ተቆጡ። «ቲያትርስ እንዲህ አይደለም» አሉና ብዕራቸውን አነሡ።

የጻፉት ኮሜዲ ነበር። ስሙም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»። የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው አውሬዎችን አናገሩ። ተረት ነዋ! ማን ምን ይላቸዋል? እኛ አገር ጅብና ቀበሮ ሲነጋገሩ ያልሰማ ልጅ የለም። ነገር ግን መድረክ ላይ የወጡት አውሬዎች ጉቦ ይበሉ ነበር፤ ፍርድ ያጣምሙ ነበር፤ ያስተዳደሩ እየመሰላቸው አገር ይበድሉ ነበር። በ1913 ዓ.ም. ገደማ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ቴራስ ሆቴል ውስጥ ለመኳንንቱና ለባለሥልጣናቱ ታየ።

እስቲ ያን አዳራሽ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ከፊት የተቀመጠው ባለ ካባ ሹም በመጀመሪያ ይስቃል። አውሬ ነዋ የሚያወራው። ትንሽ ይቆይና ጎኑ ያለውን ሹም አየት ያደርጋል። ጎኑ ያለውም እሱን እያየ ነው። ሳቁ እዚያ ላይ የሚቆረጥ ይመስለኛል። ይህን የምለው በግምቴ ነው፤ የሆነው ግን የታወቀ ነው። ንግሥቲቱ ቲያትሩን አገዱ፤ የታተመው ቅጂ እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ ከዚያ በኋላ ንግሥቲቱ እስካረፉበት እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ ቲያትር የሚባል ነገር በአገሩ ጠፋ።

ልብ በሉ እንግዲህ፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቲያትር ጽሑፍ ኮሜዲ ነው፤ የመጀመሪያው የታገደ ቲያትርም ያው ኮሜዲ ነው። ልደቱና ግዝቱ አንድ ላይ ዋሉ። ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል፣ ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሰውየው ግን አልተጣሉም። ኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱትም እሳቸው ናቸው። ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቅ የታመነ ሰው ቀልድ እንዲጽፍ አልታመነም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ይኼ ነው።

አሁን አንዱ ተነሥቶ፣ «ቆይ፣ ከእሳቸው በፊት በሹም የሳቀ አልነበረም?» ይለኛል። ነበር እንጂ! አለቃ ገብረ ሐና የት ሄደው? የአቋቋሙ ሊቅ በእቴጌ ጣይቱ ፊት ሳይቀር ነገር ይወረውሩ እንደነበር የማያወራ አያት የለም። እቴጌ ተቀይመው ከግቢ አባረዋቸዋል ይባላል፤ በሌላ ነገር ደግሞ ተመልሰው ገቡ ይባላል። አዝማሪውም መሰንቆውን ይዞ ጌታውን እየካበ በዚያው አፉ ይጠዘጥዘው ነበር። ጌታውም ገብቶት እንዳልገባው ሆኖ ብር ይለጥፍለታል። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ በሚባልበት አገር ንጉሥን መክሰሻው በር ያ ነበር።

ታዲያ የእነሱ ቀልድ ለምን አልቀረም? እኔ እንዲህ እላለሁ። የአለቃን ቀልድ ለማገድ አለቃን ማገድ ያስፈልጋል፤ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ደግሞ አለቃን ማገድም አይበቃም፤ አገሩ ሁሉ ይዞታል። የተክለ ሐዋርያት ቀልድ ግን ወረቀት አስፈለገው። ማተሚያ ቤት አስፈለገው። አዳራሽ፣ ተዋናይ፣ ልምምድ አስፈለገው። ቀልዱን የያዘው እጅ በበዛ ቁጥር ሊያስቀምጠው የሚችል እጅም በዛ። ጠቅላላው የኮሜዲ ታሪክ እዚህች ላይ ነው ያለው፤ የቀረው ዝርዝሩ ነው።

ፋሺስቱ ግራዚያኒ ይህን በጭካኔ መንገድ የተረዳ ሰው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ፣ ጠንቋዩና ባሕታዊው ብቻ ሳይሆን እየዞረ የሚያወራውና የሚተርከውም እየተያዘ እንዲገደል አዘዘ። የሚሰበሰብ ወረቀት ስለሌላቸው ሰዎቹን ራሳቸውን ሰበሰባቸው።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልምጣ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነገሡ፤ ቲያትርም ከዘውዱ ጋር ተመለሰ፤ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ በተማሪ ቤት መድረክ አቆሙት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምርም ቀኑ ያው የዘውድ በዓል ሆነ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ። በዘውድ ቀን የተወለደ ሳጥን ባለዘውዱ ላይ እንዲቀልድ አትጠብቁት። ደርግ ሲመጣም ሳጥኑ ያው የመንግሥት ነው፤ ወደ አየር የሚወጣውን ቃል ቀድሞ የሚያይ ሰው ተቀምጧል።

የእኛ ቴሌቪዥን ግን ሳቅ አያውቅም ብል ሐሰት ይሆንብኛል። እሑድን እሑድ ያደረጉልን አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ናቸው፤ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ናቸው። ባልና ሚስት፣ ስካር፣ የገጠሬ ከተማ መግባት፣ የሠፈር ወሬ። ጎረቤት ላይ መሳቅ ተፈቅዶ ነበር። አንድ ፎቅ ወጣ ሲል ነው ነገሩ የሚከብደው።

ከዚያ ሕጉ ተለወጠ። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሳንሱርን በማናቸውም መልኩ ከለከለ። የግል ጣቢያ መጣ። ድራማው ከሳምንት ሳምንት ተያያዘ፤ «ገመና»፣ «ሰው ለሰው»፣ ከዚያም የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች»። የቦሌው ልጅ ላፕቶፕ መክፈት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። አሁን የሚከለክል የለም፤ ታዲያ ሥራው ለምን ይቀራል?

ስሙኝማ። ልጁ ስክሪፕቱን ይዞ ወደ ጣቢያ ይሄዳል። ጣቢያው ደስ ይለዋል፤ ደስ የማይለው የለም፤ የሚከፍል ነው የሌለው። ፕሮዲዩሰሩ የአየር ሰዓቱን ይግዛ፣ ወይ ከማስታወቂያው ይካፈል፤ ሁለቱም ዞሮ ዞሮ ስፖንሰር ይላሉ። ስፖንሰሩ ደግሞ መጀመሪያ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ከዘመድ ተበድሮ ፓይለት ይቀርጻል። ሲኤምሲ አንድ ቪላ ለሁለት ቀን ይከራያል፤ ምክንያቱም በእኛ ድራማ ያለ ደረጃ የሚሠራ ታሪክ የለም፣ ሁሌም አንድ ሴት ከፎቅ እየተቆጣች መውረድ አለባት። ካሜራ፣ ላይት፣ ድምፅ፣ መብራት የሄደ እንደሆነ ጄኔሬተር። ተዋንያኑ «ሲሸጥ ትከፍሉናላችሁ» ብለው በፍቅር ይሠራሉ። ኤዲቱ ገርጂ ያለ አንድ ጓደኛ ቤት በሌሊት ይሠራል።

የተጠናቀቀው ፓይለት ለስፖንሰሩ ይታያል። አሁን እጆቹን ቁጠሯቸው። የማርኬቲንግ ኃላፊው ይስቅና፣ «ይቺን የቀበሌውን ነገር ግን...» ይላል። ከእሱ በላይ ያለው ይስቅና፣ «ባለቤቱ እንዳይከፋቸው» ይላል። የጣቢያው ሰው ይስቅና፣ «ጊዜው አይደለም» ይላል። ሁሉም ስቀዋል። ማንም አልከለከለም። ፓይለቱ ግን መሳቢያ ገባ። ንግሥት ዘውዲቱስ ቢሆኑ ቢያንስ በስማቸው ነው ያገዱት፤ ተክለ ሐዋርያት ማን እንዳስቀረባቸው ያውቁ ነበር። የቦሌው ልጅ የሚወቅሰው ሰው እንኳ የለውም።

በዚህ ላይ ገንዘቡ ራሱ ሸሸ። የየድራማውና የየሲትኮሙ ፊትና ኋላ ቢራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ለጤና መልካም ነው፤ አልከራከርም። ለሲትኮም ግን አባቱ እንደሞተበት ልጅ ሆነበት። ከዚያ በፊትም በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የለበሰ የቱርክ ድራማ ይዞ ሲመጣ፣ ተቀርጾ ያለቀ ሥራ በትርጉም ማሳየት አዲስ ከመቅረጽ እንደሚረክስ ሁሉም አየ። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ያን ጊዜ የጮኹት ለቅናት ብቻ አልነበረም።

ኮሜዲ ደግሞ እንደ ፍቅር ድራማ አይቆይም። ልቅሶ አይሻግትም፤ ቀልድ ይሻግታል። አንዱ ቦሌ ላይ ዶላር በጥቁር ገበያ ስለሚመነዝሩ ልጆች አሥር ክፍል ጽፏል እንበል። ስፖንሰር ሲፈልግ ዓመት አለፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ያ ሁሉ ቀልድ በአንድ ጀንበር አረጀ። ሌላው ካዛንቺስ የአንድ ግቢ ተከራዮችን ታሪክ ግማሹን ቀርጾ ቆመ እንበል፤ ገንዘብ አግኝቶ ሊቀጥል ሲመለስ በ2017 ዓ.ም. ሠፈሩ ራሱ ፈርሶ ጠበቀው። እነዚህን ሁለቱን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ቀኖቹ ግን እውነት ናቸው፤ ቦሌ ያሉ ጸሐፊዎች ደግሞ ከእነዚህ የባሰ ይነግሯችኋል።

«ይህ የእኛ ድህነት ነው፤ ሌላው ዓለም እንዲህ አይደለም» የሚል ይኖራል። ተሳስቷል። የእንግሊዙ ቢቢሲ በሦስተኛው ቻናሉ ሊያሳየው «ፖፕታውን» የሚባል የካርቱን ኮሜዲ አሠርቶ ነበር፤ ቫቲካን መሰል ግቢ ውስጥ የሚካሄድ፣ ዐሥር ክፍል። የካቶሊክ ምእመናን ተቆጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ጣቢያው አላሳይም አለ። ሥራው በዲቪዲ ወጣ፤ ኒውዚላንድና ጀርመን አየር ላይ ዋለ፤ ያሠራው አገር ግን አላሳየውም። እዚያ ያስቀረው ሃይማኖት ነው ብንል ይገባናል።

የአሜሪካኑ ግን የባሰ ነው። «ስታር ዋርስ ዲቱርስ» ይባላል። ጆርጅ ሉካስ ራሱ በራሱ ፊልም ላይ እንዲቀለድ ፈቅዶ ከሴት ግሪንና ከማቲው ሴንራይች ጋር የሠራው ተከታታይ ካርቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ነሐሴ ላይ ለአድናቂዎች አስተዋወቁት። 39 ክፍል ተሠርቶ አለቀ። የሌላ 62 ክፍል ስክሪፕት ተጻፈ። በዚያው ዓመት ዲዝኒ ኩባንያውን ከአራት ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው፤ አዲስ ፊልም ሊያወጣም አሰበ። ልጆች ታሪኩን መጀመሪያ የሚያውቁት በቀልድ እንዳይሆን ተባለና ሥራው ተቀመጠ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደተቀመጠ ነው፤ አንድ ክፍል ብቻ እ.ኤ.አ. በ2020 አምልጦ ኢንተርኔት ላይ ታየ። ንግሥት የለችም፣ ቄስ አልተቆጣም፣ ገንዘብ አልጠፋም። ባለቤቱ ተቀየረ፤ አዲሱ ባለቤት ሳቁን አልፈለገውም። ቢሊየነሩ ሉካስ እንኳ የገዛ ቀልዱን ማስወጣት ካልቻለ፣ ገርጂ ያለው ኤዲተር ምን ይደረግ?

ወደ ራሳችን ልመለስ። አንድ ጊዜ ግን ሆነልን። በ2011 ዓ.ም. በፋና ቴሌቪዥን «ምን ልታዘዝ» የሚባል ሲትኮም ይታይ ነበር፤ ደራሲው በኃይሉ ዋሴ። ቦታው ካፌ ነው። አስተናጋጆች፣ ባለቤት፣ ተጠቃሚ፤ ሌላ ምንም የለም። ሳምንት ሙሉ አገር ላይ የሆነው ነገር ግን በዚያች ካፌ በር ይገባል። እንደ «ፋቡላ» ነው፤ እዚያ አውሬ፣ እዚህ አስተናጋጅ። ተመልካች የቱ ገጸ ባሕርይ የቱ ባለሥልጣን እንደሆነ እየገመተ ይከራከር ነበር፤ በማግስቱ ታክሲ ውስጥ የሚወራው እሱ ነበር። ብዙ አልሄደም፤ ዓመቱ ሳያልቅ ተቋረጠ። ያም ሆኖ ታይቷል፤ ሰው ስቋል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ አገርኛ ኮሜዲ ከቴራስ ሆቴል የረዘመ ዕድሜ አገኘ። እኔ ይህን ትንሽ ድል አልለውም።

ዛሬ ዩቲዩብ አለ። እሸቱ መለሰ በዶንኪ ትዩብ እንዳሳየው ኮሜዲያን ጣቢያ ሳይለምን ተመልካች ማግኘት ይችላል። አንድ ካሜራ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ጨዋታ። ያው የአለቃ ገብረ ሐና መንገድ ነው፤ የሚይዘው እጅ ጥቂት ነው። ዐሥር ተዋናይና ቋሚ ስፍራ የሚፈልገው ሲትኮም ግን በዚያ በር አይገባም። ቢገባም ለሥራው ያበደረው ዘመድ ገንዘቡን ከእይታ ብዛት አያገኘውም። ስለዚህ ብቻውን የሚያወራ ቀልደኛ ሲበዛ፣ ተሰብስቦ የሚያስቅ ቤተሰብ ከስክሪናችን እየሳሳ ነው። «በስንቱ»ን በኢቢኤስ ስታዩ እግዜር ያቆይልን በሉ፤ እንደሱ የቆመ ጥቂት ነው።

ጣቢያ ለምታስተዳድሩ አንድ ቃል አለኝ። አታሳዩት እንደሆነ «አናሳይም» በሉት። በጽሑፍ፣ በቀኑ፣ በፊርማ። ጸሐፊው ሌላ በር ያንኳኳ። «ጣቢያው ጋ ነው» እያለ ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ሰው ሁለት ዓመት ሌላ ነገር አልጻፈም ማለት ነው።

ለእናንተ ለቦሌዎቹ ደግሞ፣ ለገርጂና ለሲኤምሲዎቹም፦ ያ ሃርድ ዲስክ የት ነው ያለው? እባካችሁ ለሠርግ ቪዲዮ ቦታ ለመልቀቅ አታጥፉት። የተክለ ሐዋርያት ቅጂ ተሰብስቧል፤ ታሪኩን ግን እሳቸው በእጃቸው ስለጻፉት «የሕይወቴ ታሪክ» በ1999 ዓ.ም. ሲታተም እኛም አነበብነው። ስክሪፕቱን አትሙና አንድ ቅጂ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አስቀምጡ፤ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤት ስጡ። ፊተኛው ገጽ ላይ የተጻፈበትን ዓመት፣ የተዋንያኑን ስም፣ ያልታየበትንም ምክንያት ጻፉበት። ስፖንሰሩ «ይቺን የቀበሌውን ነገር ግን...» ያላትን ገጽም አታውጧት።